ጀልባ ስትረከቢ «ላሳይሽ» ሲልሽ «እኔ ልሞክረው» በይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድስት ሆናችሁ ከባሕር ዳር ለሦስት ቀን ጀልባ ተከራይታችኋል። ጣና ላይ ዘጌን፣ ደቅን፣ ዳጋን ልታዩ ነው። ባለጀልባው ራሱ አይመጣም፤ የሚነዳላችሁ ረዳቱ ነው። ጓደኞችሽ ደግሞ «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ» ብለው ኃላፊነቱን ላንቺ ጥለውታል። ሞተር ነክተሽ አታውቂም። «ስረከብ ምን ልጠይቅ? መንገድ ላይስ ምን ልከታተል?» ነው ያልሽው።

እኔ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ ነጂ ሆኜ ጣና ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሞተር እጠግናለሁ። ትንሽ ይረዝምብሻል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ባለጀልባ ሲያስረክብ ይቸኩላል። አንድ እግሩን ጀልባው ላይ፣ አንዱን ዳር ላይ አድርጎ «ይሄ ባትሪው፣ ይሄ ፓምፑ፣ ይሄ ቤንዚኑ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ይልሻል። አንቺም ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። ውሃው መሃል ስትደርሺ ግን የቱ ማብሪያ የምን እንደሆነ ይጠፋብሻል። ስለዚህ «ላሳይሽ» ሲል አትቀበይው። «እኔ ልሞክረው» በይ። ሞተሩን አንቺ አስነሺ፣ አንቺ አጥፊ። ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ አንቺ አብሪ። ይሄን ለማድረግ ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ሂጂ። ጠዋት መነሻ ላይ ማንም ጊዜ የለውም።

ለምን እንደማጠብቀው ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ከደቅ ስመለስ ነው። ከሰዓት ሆኗል፤ ነፋሱ ጀምሯል። አሥራ አንድ ሰው ጭኛለሁ። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል በሰላም ሄደና መንተባተብ ጀመረ። ጉልበቱ ወረደ። ጠፋ። ሳስነሳው ይነሳል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ መልሶ ይጠፋል። እኔ ባለሙያ ነኝ ባይ ክዳኑን አወለቅኩ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ መለስኩ። ላጠብቀው ስል ማዕበሉ ገፋኝና የካንዴላ ቁልፉ ከእጄ አመለጠ። ጧ! ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዉ ጸሎት ጀመረ።

ከተሳፋሪዎቹ መሃል አንድ አባት ነበሩ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ ጀሪካን ሆዱ ለምን ተጣበቀ?» አሉኝ። ዞር ብዬ የቤንዚን ታንከሩን አየሁት። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ እንደ ጾመኛ ሆድ። ለካ ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽዬ የአየር ብሎን ሳልከፍት ነው የተነሳሁት። ማታ ስናድር ቤንዚኑ እንዳይተን እንዘጋታለን። ጠዋት መክፈት ረሳሁ። ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ቦታውን የሚተካ አየር ስለማይገባ ታንከሩ ራሱን ያንቃል። ብሎኗን ሳላላት «ፊሽሽ» አለች፤ ታንከሩም «ጓ» ብሎ ተነፋ። ካንዴላውን በፒንሳ አጥብቄ፣ ቀስ እያልን ዘጌ ገባን። አባ እስከዛሬ ሲያገኙኝ «ብሎኗስ?» ይሉኛል።

እንግዲህ አነሳሱን በቅደም ተከተል ያዥው። የአየር ብሎኗን ክፈቺ። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል ያለችውን የጎማ ኳስ ጠንከር እስክትል ጨምቂያት። ጨምቀሽ ጨምቀሽ ካልጠነከረች ወይ ታንከሩ ባዶ ነው፣ ወይ ቱቦው የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ቀይዋ ጥምዝምዝ ገመድ ማጥፊያው ላይ ትሰካ። ብርድ ከሆነ ቾክ ሳቢ፤ የቀዘቀዘ ሞተር እንዲነሳ የምትረዳው መሳቢያ ናት። ከዚያ አስነሺ።

ስለ ቀይዋ ገመድ አንድ ነገር። አንዱ ጫፏ ሞተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ነጂው እጅ ወይም እግር ላይ ይታሰራል። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። የእኛ ልጆች ሞተሩ ላይ ይሰኳትና እጃቸው ላይ አያስሯትም፤ ነውር ይመስላቸዋል። ነጂ የሌለው ጀልባ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። እየዞረ መጥቶ የወደቀውን ሰው በፕሮፔለሩ ሊመታው ይችላል። ረዳቱን እሰራት በይው። ቢስቅብሽም ይሳቅ። ሌላም ጥቅም አላት። «ሞተሬ አልነሳ አለ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ስንቱን «ቀይዋን ገመድ እያት» ብዬ በስልክ ጠግኜዋለሁ!

ሞተሩ እንደተነሳ ወደ ኋላ ሄደሽ ጎኑን እዪ። ቀጭን ውሃ ይሸናል። አዎ፣ እኛ እንደዚያ ነው የምንለው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው፤ ያቺ ቀጭን ውሃ የሞተሩ የማቀዝቀዣ ፓምፕ እየሠራ መሆኑን ትነግርሻለች። እጅሽን ስደጂባት። ለብ ማለት አለባት። ብታቃጥል ወይም ብትቋረጥ ሞተሩ ይጥፋ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳዋን ጭቃ ወይም ቅጠል ዘግቷት ነው፤ በቀጭን ሽቦ ወይም በመጥረጊያ ስንጥር ትከፈታለች። ካልተከፈተች ውስጥ ያለው የፓምፕ ጎማ አልቋል ማለት ነው። የጣና ውሃ በተለይ በክረምት ደለል ስለሚበዛው ይህን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። መቼ እንደተቀየረ ባለጀልባውን ጠይቂው። «አላስታውስም» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል።

ሥራ አጥታ የተቀመጠች አንዲት ጓደኛሽን ለዚች ውሃ መድቢ። ሥራዋ በየአምስት ደቂቃው ዞር ብሎ «እየሸና ነው!» ማለት ብቻ ይሁን። ቀልድ አይደለም። ሞተር የሚቃጠለው ነጂው ወደፊት እያየ ነው።

እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው ሰሜን ምሥራቁን ዳር ነው፤ በእናንተ መስመር እንደዚያ አይበዛም። ግን ነፋስ ቁራጩን ያመጣል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ጋዝ መጨመር ዋጋ የለውም። ቀንሶ፣ ዜሮ አድርጎ፣ ለአፍታ ኋላ ማርሽ መስጠት ነው። ካልለቀቀ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀይዋ ገመድ ወልቃ፣ ሞተሩ ወደ ላይ ተነስቶ በእጅ ይለቀማል።

የዓሣ መረብ ግን ሌላ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች በተርታ ሲንሳፈፉ ካያችሁ ከሥራቸው መረብ አለ፤ ዙሩት። ለባለ መረቡ እንጀራው ነው። ለሞተሩም አደጋ ነው። ቀጭኑ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የዘይት ማገጃውን ጎማ ይቆርጠዋል። ከዚያ ውሃ ማርሽ ቤት ይገባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ይወጣል። ከኪራዩ በላይ የሚያስከፍል ብልሽት ነው። ስለዚህ ስትረከቢ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወደ ላይ ተነስቶ ፕሮፔለሩን በስልክሽ ቪዲዮ አንሺው። የተጠረበ ካለ ከናንተ በፊት እንደነበረ ይታወቅ። መያዣ ገንዘብ ካስያዛችሁ በተለይ።

አሁን ስለ ጭነት። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ክዳኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው እዚህ 33 አካባቢ ነው የሚሰጥሽ። ስድስት ሰው፣ ረዳቱ፣ የሦስት ቀን ስንቅ፣ ጀሪካኖች... እቃችሁን ቀንሱ። ያንን ትልቅ ስፒከርም ተዉት፤ ምክንያቱን ባትሪ ላይ እነግርሻለሁ።

ቤንዚኑን በሦስት ክፈይው። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ። ባለ ሁለት ምት (ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣው ዓይነት) ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ረዳቱ «ይበቃል» ካለ ስንት ሊትር እንደሆነ በቁጥር ይንገርሽ። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ብዙዎቹ 50 ለ1 ናቸው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ የጀልባ ሞተር ዘይት መሆን አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል አለ። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ በፍጹም አይደባለቅም፤ ዘይቱ የሚታየው እንደ መኪና በመለኪያ ዘንግ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ አትነሺ።

ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር የሚገዛ አለ። አልፈርድም። ግን ትንሹን በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ቅጂና አሥር ደቂቃ አስቀምጪው። ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይተኛል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ስትሞሉም ታንከሩን ዳር አውርዳችሁ ሙሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። የቡታጋዝም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቡናው ደሴቱ ላይ ይፈላል። ጀልባ ላይ ከሰል ያቀጣጠለ ሰው አይቻለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ባትሪው 12 ቮልት ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ፈልጊና ሞተሩ ሳይነሳ ለኪው። 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ አትቀበይ። ሞተሩ ተነስቶ ስትለኪው ወደ 14 ካልተጠጋ ሞተሩ ባትሪውን አይሞላውም ማለት ነው። ዋልታዎቹን በእጅሽ ነቅንቂያቸው፤ በመንቀጥቀጥ ይላላሉ። የጀልባው ሁሉ ነገር፣ ማስነሻው፣ ፓምፑ፣ መብራቱ፣ የስድስታችሁ ስልክ ቻርጀር፣ ከዚያች አንድ ባትሪ ነው የሚጠባው። ማታ በዘፈን ካሟጠጣችኋት ጠዋት የምትነሱት በገመድ ጎትታችሁ ነው። የመጎተቻ ገመዱ የት እንዳለ አሁኑኑ ይታይ።

ፓምፑ ጋ እንምጣ። ጀልባው ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው እሱ ነው። ማብሪያው ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ አለው፤ አንዱ በእጅ የሚያሠራው፣ አንዱ የሚያጠፋው፣ አንዱ ውሃ ሲሞላ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው። ድምፁን ሰምተሽ «ይሠራል» አትበይ። አንድ ባልዲ ውሃ ጀልባው ውስጥ ድፊ። ከጎን በኩል ሲተፋ በዓይንሽ እዪ። አንዴ «ይሠራል ግን አያወጣም» ተብሎ የመጣልኝን ፓምፕ ስከፍተው ወንፊቱን የዘጋው የቆሎ ላስቲክና የብርቱካን ልጣጭ ነበር። እጅን ሰዶ መጥረግ ነው። ፊውዙ የት እንዳለ እዪ፣ ሁለት መለዋወጫ ያዢ። የተቆረጠ ጀሪካንም ይኑር፤ እሱ ፊውዝ አያስፈልገውም።

አሁን ጥያቄሽ ላይ ያላነሳሽው ነገር። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ናርጋ ሥላሴና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ። ዳጋ ስትደርሱ ግን ወንዶቹ ይወጣሉ፣ ረዳቱም «ተሳልሜ ልምጣ» ይላል። ጀልባው ላይ የምትቀሩት እናንተ ሴቶቹ ናችሁ። ያን ጊዜ ካፒቴኗ አንቺ ነሽ። ሁሉንም በእጅሽ ሞክሪ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ቢያንስ ሦስት ነገር ብቻሽን ማድረግ ቻዪ፦ ማስነሳትና ማጥፋት፣ ፓምፑን ማብራት፣ መልህቅ መጣል። ረዳቱ ሲወጣ የሞተሩ ቁልፍና ቀይዋ ገመድ ኪሱ ውስጥ ሆነው እንዳይሄዱ። ሆኖ ያውቃል።

መልህቅ የሚጣለው ከፊት ነው። ከኋላ ከታሰረ ማዕበሉ በሞተሩ በኩል ዘልሎ ይገባል። ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ይሁን፤ ሦስት ሜትር ውሃ ላይ 15 ሜትር። ሲጎትተው ጥርሱ ጭቃውን እንዲነክስ ነው። ከያዘ በኋላ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከጀርባው ያለ አንድ ድንጋይ በአንድ መስመር ያዢ። መስመሩ ከተፋለሰና ካልተመለሰ መልህቁ እየተጎተተ ነው።

ነፋሱን ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ጣና ዘይት ይመስላል፣ ከሰዓት ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ነው። ረጅሙን መንገድ ከንጋት እስከ ረፋድ ጨርሱት። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው የሕይወት አድን ጃኬት በቁጥር ሳይሆን ሁሉም ለብሶ፣ ማሰሪያው ተሞክሮ። ሽንት ቤት የለም፤ እሱን ዳር ላይ ጨርሱ።

ባለጀልባውን ስታገኚው የሞተሩን ክዳንና ጎኑ ላይ ያለችውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ። የዘይቱን ልክና የትኛውን ካንዴላ መያዝ እንዳለብሽ አይቼ እነግርሻለሁ። የካንዴላ ቁልፍ ስትይዢ ደግሞ በሲባጎ ከጀልባው ጋር እሰሪው።