ለቆየ ፊልም ነጥብ ስለ መስጠት

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 ለወጣው «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ከ10 ስድስት እንደ ሰጡትና ጓደኛዎ ግን ዘጠኝ ይገባዋል እንዳሉዎት ገልጸው፣ የቆየ ፊልም በምን ሚዛን እንደሚመዘን ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ዳይሬክተሩ በእጁ ባለው ነገር ምን ሠራ የሚለው ነው። ሲድኒ ሉሜት በእጁ የነበረው በአብዛኛው አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና በአንድ ወጣት ሕይወት ላይ የሚወስኑ 12 የጁሪ አባላት (ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ የተመረጡ ተራ ዜጎች) ብቻ ነው፤ ሆኖም ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህም የሆነው በንግግሩ ብርታት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ይመለከታቸዋል፤ በመካከሉ ከዓይናቸው እኩል ይሆናል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ስለሚያያቸው የክፍሉ ጣሪያ ራሱ ይታያል። ሌንሶቹም እየረዘሙ፣ ማለትም ሩቁን ይበልጥ አቅርበው የሚያሳዩ እየሆኑ ስለሚሄዱ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል። እባክዎ እንደገና ሲያዩት ጣሪያውን ይከታተሉ።

ሽልማትን መለኪያ አያድርጉ፤ ይህ ፊልም በ3 ዘርፎች ለኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በሌላ በኩል ለዕድሜው ብቻ ተብሎ ነጥብ መጨመርም ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት 3ኛው የጁሪ አባል ከልጁ ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍ ቀዶ የሚያለቅስበት ትዕይንት፣ ተመልካቹ አስቀድሞ የተረዳውን ነገር መልሶ ስለሚያብራራ ነው።