«መስት» ለግምት ሲውል አሉታዊው «ካንት» ነው

ጠያቂያችን «መስት ግዴታን የሚገልጽ ከሆነ ለግምት እንዴት ይውላል? አሉታዊውስ መስንት ነው ወይ?» ብለዋል። በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ለአዋቂዎች የማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዙሩ ስለሚነሣ፣ ከክፍል ልምዴ ተነሥቼ ልመልስልዎ።

የመጀመሪያው ክፍል ብዙ አያስቸግርም፤ የራሳችን «አለበት»ም «በሰዓቱ መገኘት አለበት» ሲባል ግዴታን፣ «እስካሁን ደርሶ መሆን አለበት» ሲባል ደግሞ ግምትን ይገልጻልና። በእንግሊዝኛ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ መመልከት ያሻል። «ሂ መስት ወርክ» ሲባል ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው ግዴታን ስለሆነ፣ ሰውየው አሁን ሥራ ላይ እንደሆነ ለመገመት «ሂ መስት ቢ ወርኪንግ» ይባላል።

ተማሪዎችን አጥብቆ የሚፈትነው አሉታዊው ነው። «መስንት» በዋናነት ክልከላ ነው። የጎረቤቶችዎ በር በውጭ በኩል በጓጉንቸር ተቆልፎ ካዩ «ዘይ ካንት ቢ አት ሆም» ይላሉ፤ በዚህ ቦታ «መስንት» ቢገባ ቤት እንዳይገኙ ተከልክለዋል የሚል መልእክት ያስተላልፋል። አሜሪካውያን ሳያሳጥሩ «መስት ኖት» ብለው ለግምት ሲጠቀሙበት ይሰማል፤ ለፈተና ለሚዘጋጅ ሰው ግን «ካንት»ን አጥብቆ መያዝ ይበጃል።

እኔ ተማሪዎቼ ቃሉን ከመምረጣቸው በፊት ማስረጃቸውን እንዲናገሩ አደርጋለሁ፤ የቃሉን ጥንካሬ የሚወስነው የማስረጃው ጥንካሬ ነውና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን፣ ሌሊት ከታችኛው ፎቅ በርሜል ሲሞላ ከተሰማ «ዘ ዋተር መስት ሃቭ ከም ባክ» ማለት ይቻላል። የምናውቀው ቀኑ የእኛ ተራ መሆኑን ብቻ ከሆነ ግን ማስረጃው ስለሚሳሳ «ማይት ሃቭ» ይሻላል። «ሜይ» እና «ኩድ»ም በዚሁ ቦታ ያገለግላሉ፤ ልዩነታቸው ጥቂት ስለሆነ ብዙ አይጨነቁበት።

የሚያስጨንቀው «ካን» ነው። «ቤት ሊሆን ይችላል» የሚለውን ብዙዎች «ሂ ካን ቢ አት ሆም» ይሉታል፤ ሆኖም «ካን» በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር የሚገልጸው በጠቅላላው የሚያጋጥምን ነገር፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ሐምሌ ሊበርድ መቻሉን እንጂ፣ አንድን የተወሰነ ሁኔታ አይደለም። አሉታዊው ላይም ይጠንቀቁ፤ «ኩድንት ቢ» ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ማለት ሲሆን «ማይት ኖት ቢ» ግን ላይሆን ይችላል ማለት ብቻ ነው።

ስላለፈ ነገር ሲገመት «ሃቭ» እና የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ይከተላሉ። ለዚህ በክፍል የምወደው ምሳሌ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ናት። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንቶች በሁለት እግር መሄድን በግልጽ ስለሚያሳዩ «ሺ መስት ሃቭ ወክድ አፕራይት» ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች የአጥንቶቿን ስብራት አይተው ከዛፍ ወድቃ ሞታለች የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ሌሎች ሊቃውንት ስብራቱ ከሞት በኋላ የደረሰ ሊሆን ይችላል ብለው ስለተቃወሙ፣ እዚህ ላይ የሚስማማው «ሜይ ሃቭ ፎለን» ነው።

«መስት ሃቭ» በፈጣን ንግግር «መስተቭ» ተብሎ ስለሚሰማ፣ ሲጽፉ በ«ሃቭ» ፋንታ «ኦቭ» እንዳያስገቡ ይጠንቀቁ።