ውስጥ እግሬን ሌሊት ሌሊት ጭምድድ አድርጎ የሚይዘኝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ውስጥ እግሬን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ጣቶቼ ይጣመማሉ፣ አንዳንዴም ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጩኸቴን ሰምታ ልጄ ትነሣለች። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል። ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው» ይሉኛል፤ «ሙዝ ብዪበት» የሚሉም አሉ። እህቴ ከአሜሪካ ማግኒዥየም ልካልኝ ሁለት ወር ሙሉ ወሰድኩት፣ ለውጥ የለውም። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ጾም ሲገባ ደግሞ ባሰብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይህን ሕመም በትምህርት ብቻ አይደለም የማውቀው። ተረኛ ሆኜ ቆሜ ባደርኩ ማግስት እኔንም ይይዘኛል። ያን ጊዜ ሐኪምነቴ ሁሉ ይጠፋና አንድ እግሬን አንጠልጥዬ ክፍሉን እዞራለሁ። ስለዚህ በጩኸትዎ አይፈሩ።

ሐኪሞች የጡንቻ መሸማቀቅ እንለዋለን፤ ብዙ ሰው «ጅማቴን ሳበኝ» ይላል። የሚይዘው ግን ጅማቱን ሳይሆን ጡንቻውን ነው። ጡንቻውን የሚያዝዘው ነርቭ ሳይጠየቅ ይተኩስና ጡንቻው ይኮማተራል፣ መልቀቅም ያቅተዋል። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ሲለቅ ደግሞ በማግስቱ እንደተደበደበ ሰው ያማል። ዕድሜ ሲገፋና በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ነው የሚባል በሽታ አይገኝበትም።

ለምን ሌሊት? ጋደም ሲሉ እግርዎን ይመልከቱት። ጣቶቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፤ ባትና ውስጥ እግር ላይ ያሉት ጡንቻዎች አጥረው ይተኛሉ። ባጠረው ላይ ትንሽ የነርቭ ትእዛዝ ሲጨመርበት ከዚያ በላይ የሚያጥርበት ቦታ የለውምና ይቋጠራል። እንቅልፍ ላይ እያሉ ሲንጠራሩ የሚይዝዎትም ለዚሁ ነው።

ጎረቤቶችዎ ስለ ብርድ ያሉት ግማሹ ልክ ነው ልበል? ብርዱ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ በካናዳ የተደረገ ጥናት እንዲያውም ሕመሙ በሞቃቶቹ ወራት እንደሚበዛ ነው ያሳየው። ብርድን ፈርተን የምናደርገው ነገር ግን ያሳስበኛል። ከባድ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ጋቢ፣ ከዚያ ጫፉን ፍራሹ ስር ጥቅጥቅ! በጀርባው የተኛ ሰው እግሩ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ተጭኖ ያድራል። ከዛሬ ጀምሮ ልብሱን ከእግርጌ በኩል ይልቀቁት። በጀርባዎ የሚተኙ ከሆነ ውስጥ እግርዎ የሚደገፍበት ትራስ ያቁሙ። ከበረደዎት ካልሲ ያድርጉ።

ሲይዝዎት ምን ያድርጉ? ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ታች ይገፋል፤ ያ ያባብሰዋል። ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ከነመዳፉ ወደ አፍንጫዎ አቅጣጫ ይሳቡ። እጅዎ ካልደረሰ ነጠላዎን በውስጥ እግርዎ አዙረው ሁለቱን ጫፍ ይሳቡት። ልጅዎ ከተነሣች አይቀር ሥራ እንስጣት፦ በአንድ እጇ ተረከዝዎን ይዛ፣ በሌላው የጣቶችዎን ሥር ቀስ እያለች ወደ ላይ ትግፋ። ሲላላ ማሸትና በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጥሩ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ በጨለማ ከአልጋ ዘለው አይውረዱ። በእርስዎ ዕድሜ ከእግር መሸማቀቁ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሮጠው ሲነሡ ወድቀው ዳሌዎን እንዳይሰብሩ ነው።

አሁን ወደ መከላከሉ ልምጣ፤ ምክሬ ገንዘብ የማያስወጣ ስለሆነ የሚንቁት እንዳይሆን እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 80 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ለስድስት ሳምንት ከመተኛታቸው በፊት ባታቸውንና የጭናቸውን የኋላ ጡንቻ እንዲያሳስቡ ተደረገ፤ ሌሎቹ ምንም አላደረጉም። ያሳሳቡት ሰዎች ላይ የሚይዛቸው ጊዜ ቀነሰ፣ ሕመሙም ረገብ አለ።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቀው በባዶ እግር ይቁሙ። ሁለት መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ። አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርገው ጉልበቱን ቀጥ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ጥብቅ አድርገው ወደ ግድግዳው ያዘንብሉ። ባትዎ ሲወጠር ይሰማዎታል፤ እስኪያም ድረስ ግን አይግፉ። እስከ 30 ይቁጠሩ፣ ያሳርፉት፣ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ፤ ከዚያ ሌላውን እግር። የእርስዎ ሕመም ውስጥ እግር ላይ ስለሚበረታ አንድ ልጨምር፦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ጉልበትዎ ላይ ይጫኑና አምስቱንም ጣቶች በእጅዎ ወደ ኋላ ቀልበስ አድርገው ይያዙ። ውስጥ እግርዎ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር ካገኙት ትክክል ነው። ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ውጤቱን ለማየት ግን ሳምንታት ይታገሡ። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሸበጥ የሚያደርጉ ከሆነም ተረከዙን በሚይዝ ጫማ ይቀይሩት። ሸበጡ እንዳይወልቅ ጣቶችዎ ሲጨብጡ ይውላሉና።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ግን የግፊት መድኃኒቱ ነው። ስሙን አልጻፉልኝም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚባል ከሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው፤ ከውሃው ጋር ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሊያወጣ ይችላል። የጡንቻ መሸማቀቅም ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አብሮ ሲታይ ቆይቷል። አራት ወር ብለዋል፤ መድኃኒቱ የተጀመረው ወይም መጠኑ የተጨመረው መቼ ነው? ካርዱ ላይ ቀኑን ይመልከቱ። በራስዎ ግን አያቁሙት፤ ግፊቱ ሳይታወቅ ይወጣና ስትሮክ ሊያመጣብዎት ይችላል።

ጾሙም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የሚወሰደው የሽንት ኪኒን በጾም ቀን 9 ሰዓት ከምሳ ጋር ይሆናል። እስከዚያ ውሃ አፍ አልገባም፤ ማታ ደግሞ መድኃኒቱ ያመላልሳል፣ እንቅልፍም ይረበሻል። ይህ ለእግርዎም ለኩላሊትዎም ጥሩ አይደለም። ለሐኪምዎ «እጾማለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ብዙ ታካሚ አይናገርም፣ ብዙ ሐኪምም አይጠይቅም። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ። መድኃኒት መዋጫ ውሃ ለታመመ ሰው እንደማይከለከል ራሳቸው ሊነግሩዎት ይችላሉ።

ሙዙን ይብሉት፣ መልካም ምግብ ነው፤ ፖታሲየምዎ በምርመራ ዝቅ ብሎ ካልተገኘ ግን ከእግርዎ ሕመም ብዙም አያገናኘውም። ማግኒዥየሙን በተመለከተ እህትዎን አመስግነው ቢተዉት አይቆጨኝም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባደሰው ግምገማ ጥናቶቹን አንድ ላይ አይቶ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ረብ ያለው ጥቅም ይሰጣል ተብሎ እንደማይጠበቅ ደምድሟል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ማግኒዥየም ሊጠራቀምበት ይችላል። «ኪኒን» ለሚለው ቃላችን ስሙን ያዋሰው የወባ መድኃኒት ኩዊኒንም ለዚህ ሕመም ሲታዘዝ ኖሯል። ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌት የተባሉ የደም ሕዋሳት በድንገት ሊያወርድና የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ለእግር መሸማቀቅ እንዳይወሰድ ዳግም አስጠንቅቋል። ሰው ቢያቀርብልዎት እምቢ ይበሉ።

ሳይዘገይ መታየት ያለበትስ? አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ሕመሙ አልለቅ ካለ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሲራመዱ ባትዎን ይዞ ቆም ሲሉ የሚለቅዎት ከሆነ ነገሩ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። እግር ማቃጠልና መደንዘዝ ካለ ስኳርዎን ይመርመሩ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከንፈሩን ከነዘረውና የእጁ ጣቶች ከተጨመደዱ ደግሞ የካልሲየም መውረድ ነውና አይደር።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ጥድፊያ የለውም። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የመድኃኒቶችዎን ማሸጊያ በሙሉ፣ ከአሜሪካ የመጣውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የኩላሊት፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየም፣ የስኳርና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ። እስከዚያ ግድግዳውን ዛሬ ማታ ይጀምሩት።