መልስ፦ አይጥ አጭርና ረጅም ጊዜን እንዴት ትለያለች?

«ሰዓት የማታውቅ አይጥ 2 ሰከንድን ከ8 ሰከንድ እንዴት ትለያለች? ትቆጥራለች እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ መቁጠር አያስፈልጋትም። ትማራለች፣ አስተማሪዋም ምግብ ነው።

ለሙከራው አይጧ የምትገባበት ሳጥን ውስጥ ሁለት መጫኛዎች አሉ፣ ድምፅም ይሰማል። ድምፁ 2 ሰከንድ ከቆየ የግራውን፣ 8 ሰከንድ ከቆየ የቀኙን ስትጫን ምግብ ጠብ ይልላታል። ከሳተች ምንም የለም። መጀመሪያ ላይ በግምት ነው የምትጫነው። ሲደጋገም ግን እምብዛም አትስትም።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በመሃል ያሉ ርዝመቶችን አሰማት። ግራና ቀኙን እኩል የምትጫነው የት ላይ ይመስልሃል? እኔና አንተ 5 ሰከንድ እንል ነበር። እሷ ግን 4 አካባቢ ላይ ነው የምትወላውለው። 4 የ2 እጥፍ ነው፣ 8 ደግሞ የ4። የምታነጻጽረው በእጥፍ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ቸርችና ዴሉቲ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ስለዚህ 2ን ከ4 መለየት ይቀላታል፣ 20ን ከ22 መለየት ግን ያስቸግራታል፤ ልዩነቱ ያው 2 ሰከንድ ቢሆንም። እርግብም እንዲሁ ናት። እኛም ሳንቆጥር ስንገምት ከእነሱ ብዙም አንሻል!

ዶፓሚን የሚባለው፣ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካልም እጁ አለበት። ዶፓሚን የሚጨምር መድኃኒት ሲሰጣት ያው ድምፅ የረዘመ ይመስላታል፣ አጠር ባለ ድምፅም የቀኙን መጫን ትጀምራለች።