ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አንቲባዮቲክ የግድ ነው ወይ?

እህቴ፣ «ሐሞቴን በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ) ልሠራ ነው፤ ሐኪሜ አንቲባዮቲክ አያስፈልግሽም አለኝ። ዘመዴ ግን ስትሠራ ሳምንት ሙሉ ክኒን ወስዳለች፤ ማንን ልመን?» ብለሻል። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ፤ እንደኔ ከሆነ ሐኪምሽን እመኚ።

ሰው የሚያምታታው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴፋዞሊን የሚባል አንቲባዮቲክ። ሌላው ቤት ይዘሽው የምትሄጂው ክኒን ነው። ባለሙያዎች የሚከራከሩት በመርፌው ላይ ነው። የአሜሪካ የ2013 መመሪያ በቀጠሮ ለሚሠራ፣ ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው አያስፈልግም ይላል። በ2014 የወጣ የጃፓን ጥናት ደግሞ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አይቶ መርፌው ኢንፌክሽን ይቀንሳል ብሏል። ስለዚህ አንዱ ሐኪም ቢሰጥ፣ ሌላው ቢተው አይግረምሽ።

ክኒኑ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሐሞት ከረጢታቸው ተቆጥቶ የተሠሩ 414 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ አንቲባዮቲክ ከቀጠሉት 15 ከመቶ፣ ካልቀጠሉት 17 ከመቶ ኢንፌክሽን ያዛቸው፤ ይህን ያህል ልዩነት የለውም። ታመው የነበሩት እንኳ ብዙም ካልጠቀማቸው ያልተቆጣ ሐሞት ላለው ሰው ትርፉ ተቅማጥና ጀርሞች መድኃኒቱን መላመዳቸው ነው። (ዘመድሽ ምን እንደነበረባት ስለማላውቅ በእሷ አልፈርድም።)

መርፌው የሚያስፈልገው ለማን ነው? ዕድሜው ከ70 ላለፈ፣ ስኳር ላለበት፣ በቅርቡ ሐሞቱ ለተቆጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ፣ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት (ሐሞት እንዲያልፍ የሚከፍት ቀጭን ቱቦ) ለገባለት፣ የሰውነት መከላከያው ለደከመ፣ ለነፍሰ ጡር። ሌላው እዚያው ኦፕራሲዮን ላይ የሚታወቅ ነው። ከረጢቱ በእምብርት ቀዳዳ ሲሳብ ጠጠሩ ትልቅ ከሆነ ይታነቃል፤ አንዳንዴም ተቀዶ ሐሞቱ ይፈሳል። ያኔ ሰርጀኑ ቀና ብሎ ሰመመን ሰጪውን «መርፌውን ስጠው» ሲለው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው ብዙዎች ከረጢቱን በፕላስቲክ ከተው የሚያወጡት። ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያለውን ይፈራል፤ እኛ ቁስል ስንቀይር መግል የምናገኘው ግን በአብዛኛው እምብርት ላይ ነው። እናም ከዋዜማው ጀምሮ እምብርትሽን በሳሙና በደንብ እጠቢው፤ ሆድሽን በምላጭ አትላጪ፣ ምላጭ ቆዳ ይቧጭራል።

ስትገቢ ስኳር ካለብሽ፣ ከዚህ በፊት ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ከነበረሽ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማሽ ከሆነ ሳትጠየቂም ተናገሪ። «ውስጥ ሲገባ የተለየ ነገር ከተገኘ ሐሳብዎን ይለውጣሉ?» ብለሽ ሐኪምሽን ብትጠይቂው አይከፋውም። ከወጣሽ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ዙሪያ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ የሆድሽ ሕመም ከባሰብሽ ወይ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ አትጀምሪ፤ ያንኑ ቀን ወደ ሠራሽ ሐኪም ተመለሺ።