አፈር ያልቀመሰ ሰው እንዴት ይነሣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ሲል ጀልባቸው ሰጥማ ባሕር ውስጥ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። መርዶው የመጣ ዕለት ልብሱን ዘርግተን አለቀስን። እናታችን ግን እስከ ዛሬ እህል በወጉ አትቀምስም። «ልጄ አፈር አልቀመሰ፣ ፍትሐት አልደረሰለት፣ በምን አካሉ ይነሣል?» ትላለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ዓሣ የበላው ምኑ ይነሣል» ብላ ጨመረችባት። አጎቶቼ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጠን ተዝካሩን እናውጣ ይላሉ። እናቴን ምን ብዬ ላጽናናት?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የወንድምሽንም ነፍስ ይማር። ለእናትሽ በመጀመሪያ ይህን ንገሪያት፦ ይነሣል። ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ ሙታናቸውን የሚመልሱትን ሲቆጥር አስቀድሞ የጠራው ባሕርን ነው። «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» ይላል (ራእ. 20፥13)፤ ሞትና ሲኦል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቃል አንቺ ራስሽ አጠገቧ ተቀምጠሽ አንብቢላት። በሰው በኩል ከሚደርሳት በልጇ ድምፅ ብትሰማው ይሻላታል።

በቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም ወደ መጨረሻው «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እንላለን፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ማለት ነው። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት ያጸኑት ይህ ቃል መቃብር ያገኘውንና ያላገኘውን አይለይም። ትንሣኤ ሙታንም የእምነታችን ምሰሶ ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ሆኖ የተቆጠረው ያለ እርሱ የቀሩት አራቱ ፍጻሜ ስለማይኖራቸው ይመስለኛል።

የጎረቤታችሁ ነገር አዲስ አይደለም። አባቶቻችን «ምጥው ለአንበሳ» (ለአንበሳ የተሰጠ) የሚሉት የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ በሮም ለአራዊት ተጥሎ ተበልቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስማ ተቃጥሎና ተፈጭቶ ደብረ ይድራስ በተባለ ተራራ ላይ እንደ ዱቄት ተበትኗል፤ ጎረቤታችሁም ብትሆን በየዓመቱ ሚያዝያ 23 በእልልታ ታከብረዋለች። ታዲያ ከነፋስ የሰበሰበው አምላክ ከባሕር መሰብሰብ ያቅተዋል? ብቻ ከሴትዮዋ ጋር አትጣሉ። ዓሣን ካነሣች አይቀር ግን፣ ከሙታን የተነሣው ጌታ ከተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በደቀ መዛሙርቱ ፊት እንደ በላ ንገሪያት (ሉቃ. 24፥42-43)። የበላውም ርቦት አይደለም፤ ምትሐት መስሏቸው ስለ ነበር ነው።

«በምን አካሉ» የሚለው የእናትሽ ጥያቄ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የቆሮንቶስ ሰዎችም ጠይቀውታል። ቅዱስ ጳውሎስ የመለሰላቸው በእርሻ ምሳሌ ስለሆነ የመንዝ ገበሬ የሆነች እናትሽ ከእኔ በተሻለ ትረዳዋለች። የገብስ ቡቃያ ከሥሩ ነቅላ አፈሩን ብታራግፈው፣ የዘራቻት ፍሬ ቅርፊቷ ብቻ ከሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኘዋለች። በጣቷ ብትጫነው ጭምድድ ይላል፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ አልቋል። ይህን አይቶ «ዘሬ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ገበሬ አላየሁም። ደግሞም ገብስ ተዘርቶ ስንዴ አይበቅልም። ወንድምሽ የሚነሣው ያው ወንድምሽ ሆኖ ነው፤ አካሉ ግን ከእንግዲህ ውኃ የማያሰጥመው፣ ራብና ስደት የማያውቀው ይሆናል። ጌታም ሲነሣ የችንካሩ ምልክት በእጁ ነበረ፤ በተዘጋ ደጅም ገባ። ያው አካል ነው፣ ተለውጧል።

ስለ ፍትሐቱ። ለዚህ ከሸዋችን የሚቀርብ ምስክር አለን። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ደብረ ሊባኖስን የከበበው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን ነበር። የጻድቁን አጽም ሊያከብሩ የመጡት ምእመናንና መነኮሳቱ በላጋ ወልደ ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተግዘው እንገጫ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም የገደላቸውን ዲያቆናት 129 ብሏል። ፍትሐት ማን አደረሰላቸው? ማን ከፈናቸው? ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታት ትላቸዋለች እንጂ «መቃብር አላገኙምና አይነሡም» አላለችም።

ፍትሐት ምሕረት የሚለመንበት ጸሎት ነው። ትንሣኤውን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ እርሱም ለሁሉ ነው፤ መልካም ያደረጉ ለሕይወት ትንሣኤ፣ ክፉ ያደረጉ ለፍርድ ትንሣኤ ይነሣሉ (ዮሐ. 5፥29)። ወንድምሽ ከየትኛው ወገን ነው ብትዪኝ ያንን መናገር የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ስለ እርሱ ምሕረት የምንለምነውም ስለዚሁ ነው። አስከሬኑ ባይኖርም በስሙ ይጸለይለታል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ፤ ፍትሐቱን ያደርሱለታል፣ በቅዳሴም ያስቡታል። እናትሽ ደግሞ በ40 ቀኑ ክርስትና ያስነሣችበትን ዕለት ታስታውስ። በዚያ ዕለት ሥጋ ወደሙን ተቀብሏል። «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው፥ እኔም በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ» ያለው ጌታ ነው (ዮሐ. 6፥54)።

በሬዎቹን አትሽጡ። ይህን ለአጎቶችሽ በእኔ ስም ንገሪያቸው፤ ቢቆጡም ይቆጡ። በአገራችን ተዝካር የጠገበ ሰው ዳግመኛ የሚጠግብበት፣ «የእገሌ ተዝካር ጠጁ አነሰ» ተብሎ የሚታማበት ሆኗል፤ ለቅሶ ላይ የወደቀ ቤት በሚቀጥለው ክረምት ጥማድ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ጌታ ግብዣ ስታደርጉ ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥሩ ብሎ፣ የሚመልሱት ስለሌላቸው ብድራቱ የሚከፈለው «በጻድቃን ትንሣኤ» ነው አለ (ሉቃ. 14፥13-14)። አንድ ሌማት ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ ይዛችሁ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት ነዳያን አድሉ። ተዝካሩ እርሱ ነው። እናትሽም በእጇ ታድል፤ ስታድል እነርሱ «አንቺም ቅመሺ» ይሏታልና ከዚያ ዳቦ ብትቆርስ ደስ ይለኛል።

የወንድምሽን የክርስትና ስም አልጻፍሽልኝም። እኔም በጸሎት እንዳስበው ላኪልኝ፤ ለንስሐ አባታችሁም ይዘሽላቸው ሂጂ።