ስለ አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ጠይቁኝ

ጆሃንስበርግ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አሁን ቨርጂኒያ ነኝ። ልጆቼ በሁለቱም አገር ተምረዋል። ስለ ዘር መድልዎና ትምህርት ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት በዘር ከመለየት አሜሪካ በ1954 ተገላገለች፣ ደቡብ አፍሪካ በ1994። አርባ ዓመት ቀድማ የለ እንዴ?

ወረቀት ላይ አዎ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብራውን ጉዳይ ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። እስከ መቼ ይፈጸም የሚለውን ግን ቀን አልቆረጠለትም። እዚሁ ቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባል ካውንቲ አለ። ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል ከሚቀመጡ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ! ነጮቹ የግል ከፈቱ። ለጥቁሮቹ እስከ 1964 ድረስ የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። ሲዘጋ ስምንት ዓመቱ የነበረ ልጅ ሲከፈት አሥራ ሦስት ሞልቶታል። ሌላ ከተማ ዘመድ ያለው ተላከ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል የቆጠረም አለ፣ ብዙው እንዲሁ ቀረ።

ጥያቄ፦ ባንቱ ኤዱኬሽን ሲባል እሰማለሁ፣ ምንድን ነው?

ጥቁር ልጆች ለብቻቸው ዝቅ ያለ ትምህርት እንዲማሩ ያደረገ የ1953 የደቡብ አፍሪካ ሕግ ነው። አሜሪካኖቹ «ለየብቻ ግን እኩል» እያሉ ይዋሹ ነበር፣ አፓርታይድ መዋሸትም አላስፈለገው። ሚኒስትሩ ፈርዉርድ ለጥቁር ልጅ ሒሳብ ምን ያደርግለታል፣ በነጮች ዘንድ ከጉልበት ሥራ ያለፈ ቦታ የለውም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በ1976 ደግሞ ግማሹን ትምህርት በአፍሪካንስ፣ በገዢዎቹ ነጮች ቋንቋ፣ ተማሩ ሲባሉ ሶዌቶ በሚባለው የጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር ያሉ ተማሪዎች ጁን 16 አደባባይ ወጡ፣ ፖሊስ ተኮሰባቸው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ከተሻረ ልዩነቱ ለምን አልጠፋም?

የምትፈልጉት ይሄን ነው መሰለኝ። በእኔ እይታ ሁለቱም ቀለሙን ከሕጉ አወጡና ገንዘብ አስገቡበት። አሜሪካ የምትለየው በአድራሻ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ በክፍያ።

እዚህ ትምህርት ቤቱ አንዱ ትልቅ ገቢው የአካባቢው የቤት ግብር ነው። ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ብዙ ይሰበስባል። የሳን አንቶኒዮ ድሃ ወላጆች ይሄ አድልዎ ነው ብለው ከሰሱ፣ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ተረቱ። በዓመቱ የዲትሮይት ልጆች ከከተማው ዙሪያ ካሉት ጋር ተቀላቅለው ይማሩ የሚለው ጉዳይ መጣ፤ ፍርድ ቤቱ በዙሪያው ያሉት የነጭ ሰፈሮች በደሉን ስላልፈጸሙ መቀላቀል አይገደዱም አለ። ከተማውን ለቆ የሄደ ነጭ ተገላገለ ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕጓ ወላጆች በስብሰባ ድምፅ ሰጥተው ክፍያ እንዲወስኑ ፈቀደች፤ ገንዘብ ያላቸው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጠቅልለው እንዳይወጡ ተፈርቶ ነው። የድሮ የነጭ ትምህርት ቤቶች በዚያ ገንዘብ ተጨማሪ መምህር ይቀጥራሉ፣ ሜዳቸውን ያሳምራሉ። ከ2007 ጀምሮ ድሃ ሰፈር ያሉት በነፃ ሆኑ፣ ግን ስንቱ ገጠር ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሆኖ ለዓመታት ቆየ።

ጥያቄ፦ መክፈል ያቃተው ወላጅስ?

በሕጉ ቅናሽ አለ። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ጆሃንስበርግ እያለሁ ጃንዋሪ ላይ የክፍያ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ቅናሽ ልጠይቅ ሄድኩ፣ ጸሐፊዋ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት አምጣ አለችኝ። ሐበሾች በሚነግዱበት የጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል? ከፈልኩ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ እኛ ሐበሾችስ የት ነን?

እህቴ፣ ቤት ስትገዢ ደላላውን መጀመሪያ ምን ጠየቅሽው? «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» አይደል? እኔም እንደዚያው ነኝ። ለልጆቻችን ብለን ነው፣ ግን እኛም አጥሩ ላይ አንድ ድንጋይ እየጨመርን ነው።

ጥያቄ፦ በቁርጥ ንገረን፣ የቱ ይብሳል?

የደቡብ አፍሪካ ይብሳል። በ2021ዱ ዓለም አቀፍ የንባብ ፈተና ከአራተኛ ክፍል ልጆቿ 81 በመቶው ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም። በሌላ በኩል በ2024 የወጣው ሕጓ ተማሪ ማን ይግባ፣ በምን ቋንቋ ይማር የሚለውን የመጨረሻ ቃል ከወላጆች ቦርድ ወስዶ ለመንግሥት ሰጥቷል። በተለይ የአፍሪካንስ ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች በጣም ተቆጥተዋል። እዚህ ቨርጂኒያ የሰፈሬን የትምህርት ቤት ወሰን እንነካለን ቢሉ ስብሰባው ላይ ምን ዓይነት ጩኸት እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ ከሚጮኹት ውስጥ ሐበሻም አይጠፋም።